አዝለው ያሻገሩኝ

ማርች 4፣ ማክሰኞ

ክሊኒኩ ሰው ሞልቶ ዋለ። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጉልበት... እኔ መሀል ቆሜ የሐኪሙን ዕብራይስጥ ወደ አማርኛ፣ የባልቴቶቹን አማርኛ ወደ ዕብራይስጥ ስመልስ። አንዲት እናት "ልቤን ይበላኛል" ብትል፣ አብራት የመጣችው የልጅ ልጅ ቃል በቃል ተርጉማለት፣ ሐኪሙ የእከክ ቅባት ሊያዝላት ነበር። ባልደርስ ኖሮ ደረቷን ተቀብታ ትሄድ ነበር።

በምሳ ሰዓት ስልክ መጣ። ኤሊሸቫ የምትባል ሴት። የቀድሞ የባሕር ኮማንዶዎች ማኅበር በሜይ ትልቅ ሥነ ሥርዓት ያዘጋጃል አለችኝ፤ እዚሁ ኔታንያ፣ አዳራሽ ውስጥ። በሌሊት ከሱዳን ዳርቻ በጎማ ጀልባ ለወጣነው ሰዎች መታሰቢያ።

"ሚርያም፣ አንቺ ከነሱ አንዷ ነሽ። ልጅሽ ደግሞ ዛሬ እዚያው ክፍል ውስጥ እየሠለጠነ ነው! ይህን የመሰለ ታሪክ ከየት ይገኛል?"

ሚርያም የሚለኝ መንግሥትና መሥሪያ ቤቴ ነው። ወደዚህ አገር ስንገባ የመዘገበችን ሴት "ማሬ" የሚለው አልጥም ብሏት ሚርያም ብላ ጻፈችኝ። ቤት ውስጥ ማሬ ነኝ።

እሺ አልኳት። ደስ ብሎኛል፤ ለምን ይዋሻል? ማን ያነብብኛል? ልጄ አማርኛ አያነብም፣ ባሌ አምባቸው ደግሞ ደብተሩን ቢያገኝ እንኳ መነጽሩን አያገኝም።

ማርች 7፣ ዓርብ

ልጄ ኢዳን ለሰንበት መጣ። አባቱ በሚነዳው አውቶቡስ ሊያመጣው ማዕከላዊ ጣቢያው ላይ ቢጠብቀው እምቢ ብሎ፣ ያን ሁሉ ቦርሳ ተሸክሞ ሰፈራችን ዶራ ድረስ በእግሩ። መዳፉ ተልጧል። ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቋል። በልቶ በልቶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተኛ።

ምን እንደሚሠሩ ለኔ ለእናቱም አይናገርም። "ባሕር ነው፣ ኢማ። ቀዝቃዛ ነው።" ይኸው ነው። በኖቬምበር ሲገባ በቡድኑ ውስጥ ብቸኛው ሐበሻ እሱ ነበር። አሁንም እሱ ብቻ ነው። ስንቱ ጓደኛው ተባርሮ እሱ አለ። በዚህ ጦርነት ጊዜ እናት በዚህ ትኮራለች? እኔ ግን እኮራለሁ... ፈርቼም እኮራለሁ።

እምየ እጁን ይዛ ስትዳስሰው ቆየች። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሰው የምታየው በጣቷ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"የባሕር ወታደር ነው አይደል ያልሽኝ?"

"አዎ፣ እምየ።"

"ታዲያ ዘበነን አልጠየቀልኝም?"

ደግነቱ ኢዳን ተኝቷል።

ማርች 8፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ያን ሌሊት ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ? ለኢዳን ገና ጡት ሳይጥል ጀምሮ ተረቱ እሱ ነበር።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከገዳሪፍ ካምፕ በጭነት መኪና፣ ሸራ ሥር ተጨናንቀን። ባሕርን ሳላየው በፊት ሰማሁት፤ በጨለማ ውስጥ ትልቅ ከብት የሚተነፍስ መሰለኝ። ውሃው ውስጥ ጥቁር የጎማ ልብስ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ፊታቸው ጥላሸት ነው። እኛን መስለው! አንዱ አዘለኝ። ነጭ መሆኑን ያወቅኩት ከአንገቱ ሥር ላብና ውሃው ጥላሸቱን አጥቦት ሳይ ነው። ጀልባው ውስጥ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሕፃን አስቀመጠኝ።

ለኢዳን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው የምጨርሰው። እሱም "እኔም ሳድግ ሰው አዝላለሁ" ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። ታላቅ ወንድሜ ዘበነ እስከ ውሃው አፍ እጄን ይዞኝ ነበር። እኔ ተጫንኩ፤ እሱ "በሚቀጥለው" ተባለ። ከወዲያ በኩል የመኪና መብራት መጣ። ተኩስ። ሞተሩ ጮኸ፣ ሄድን። ባሕሩ መሀል የጠበቀን መርከብ ላይ "የቀሩት ነገ ይመጣሉ" አሉን።

ነገ... አርባ ዓመት አለፈው።

እምየና አባባ በዓመቱ በአውሮፕላን መጡ። እምየ ገና ሳታቅፈኝ "ዘበነስ?" አለች። "ይመጣል ብለዋል" አልኳት። የተባልኩት ይህን ነው። እሷም ይህችኑ ይዛ ቀረች። ሺቫ፣ የሰባት ቀኑን ልቅሶ፣ እንዳንቀመጥለት ከለከለች። "የሚመጣ ልጅ አይለቀስም" አለች። አባባ ሳያለቅሰው ሞተ። በኢየሩሳሌም፣ ኸርጸል ተራራ ላይ፣ በሱዳን መንገድ የሞቱት ስማቸው ሲቀረጽ የዘበነ ስም የለበትም። እናቱ አላስጻፈችማ።

ማርች 19

ኤሊሸቫን አገኘኋት። ቆንጆ ሴት፣ ፈጣን። ንግግሬን ራሷ አዘጋጅታ ነው የመጣችው። "ከጨለማ ወደ ብርሃን ተሸከማችሁኝ" ምናምን። ልክ እኔ ስጨርስ ኢዳን በወታደር ልብሱ ከመጋረጃው ጀርባ ይወጣል፤ አቅፈዋለሁ፤ ሕዝቡ ይነሣል።

"እዚያ ሕዝቡ ያለቅሳል" አለችኝ።

"ስለ ወንድሜ ልናገር? እዚያው ዳርቻ ላይ ነው የቀረ።"

ትንሽ አሰበች። "ምሽቱ የደስታ ነው፣ ሚርያም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። 'ሁሉም አልደረሰም' በይ።"

ሁሉም አልደረሰም። ሦስት ቃል እንኳ አልሞላም፣ ዘበነ።

ማታ ለአምባቸው ነገርኩት። "እኔ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን ነው የመጣሁ" አለኝ፤ "ወንበር እንኳ አልነበረውም። ለኔ ሥነ ሥርዓት የሚያዘጋጅ የለ፣ ተገላገልኩ።"

ኤፕሪል 3

ቃዲማ ዞራን የምትባል መንደር ሄድኩ። ጊል ከሚባለው ሰው ጋር መድረክ ላይ ስለምንቆም ተዋወቁ ተብለን። ያኔ ከኮማንዶዎቹ አንዱ ነበር፤ በዚያ ሌሊትም ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቶ እንጆሪ ያለማል። ትልቅ ሰውዬ፣ ጀርባው ሰፊ። ጀርባውን ሳየው... ይህ ይሆን?

"አንተ ነህ ያዘልከኝ?"

ሳቀ። "በዚያ ሌሊት ብዙ ሰው አዝያለሁ። እኔ ነኝ ብል ደስ ይለኛል፤ ግን አላውቅም።"

ወደድኩት። አልዋሸኝም። ሚስቱ እንጆሪ በሳህን አቀረበች። ስለ ኢዳን ጠየቀኝ፣ ስለ ሥልጠናው፣ "ማዕበል ያለባትን ጥር ካለፈ ሌላው ቀላል ነው" አለኝ።

ከዚያ ጠየቅኩት። "የቀሩትን ሰዎች... በማግሥቱ ተመልሳችሁ ነበር?"

እጁ ሳህኑ ላይ ቆመ። ሚስቱ አየችው። "እንጆሪው በዚህ ዓመት ዘግይቷል" አለ። ዝናብ ስለ መብዛቱ አወራኝ።

በአውቶቡስ ስመለስ የሰጡኝ እንጆሪ ጭኔ ላይ። ለምንድነው ያልመለሰልኝ? ረስቶት ነው? የረሳ ሰው እንዲያ አይደነግጥም።

ኤፕሪል 14

የፋሲካ በዓል። ኢዳን አልተለቀቀም። በስልክ "ሁሉ ደኅና ነው" አለኝ። ድምፁ ግን... እናት አትሸወድም።

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስገባ ቦርሳዎቹ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል። አንድ ሳይቀር። ኢዳን ሶፋ ላይ ተቀምጧል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ አያይም።

"አባረሩኝ" አለ። በዕብራይስጥ። ከዚያ ሌላ ቃል የለም።

ኤፕሪል 23

ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ጧት ክሊኒክ ሄጄ የሰው ሕመም ስተረጉም ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ገብቼ ክፍሉን አንኳኳሁ። ገባሁ።

"ምን አሉህ ልጄ? ጥፋትህ ምንድነው?"

"ጥፋት የለም። 'አትስማማም' ነው ያሉኝ።"

"ነጭ ብትሆን ኖሮ..."

"ዳይ፣ ይበቃል ኢማ! በዚህ አትምጪብኝ። ይህ ከሆነ አላውቀውም፤ ካልሆነም አላውቀውም። ሁለቱንም ተሸክሜ ልኑር?"

አንዴ አፉ ተከፈተ።

"ኮሚቴ ፊት አስቀመጡኝ። 'ለምን እዚህ መጣህ?' አሉኝ። ያንቺን ታሪክ ነገርኳቸው። ዳርቻውን፣ ጥላሸቱን፣ ያዘለሽን ሰውዬ። መኮንኑ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ 'ይህ የእናትህ ነው፤ ያንተስ?' አለኝ።"

"እና?"

"እናማ የምለው አልነበረኝም! ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። በዚያ ብርድ ውሃ ውስጥ ስዋኝ የከረምኩት ባሕር የኔ አልነበረም። ያንቺ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ውስጥ ጨመርሽው።"

በሩን ዘጋ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እምየ ከወዲያ "ማነው የሚጮኽ?" ትላለች።

ኤፕሪል 28

ኢዳን አያናግረኝም። ከአባቱ ጋር ስለ ኳስ ያወራል። እኔ ስገባ ይነሣል። ክፍል እስኪመድቡት ቤት ጠብቅ ብለውታል። ቀኑን ሙሉ ይተኛል።

አምባቸው "ይወጣለታል" ይለኛል። መቼ?

ሜይ 6

ኤሊሸቫ ደወለች። ሰምታለች። "በጣም አዝነናል" አለች፤ ከዚያ ሳትተነፍስ፣ "ስለዚህ ምሽቱን ትንሽ አስተካክለነዋል።" ሌላ ቤተሰብ አግኝተዋል። ሴት ልጃቸው በባሕር ኃይሉ መኮንን ናት፣ ጥሩ አድርጋ ትናገራለች አሉ። እኔ የፊት ወንበር ተይዞልኛል። በመጨረሻ ለአንጋፋዎቹ አበባ እሰጣለሁ።

"ንግግሬስ?"

"ያለ ልጁ... ትረጂኛለሽ አይደል?"

ተረዳሁ። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ታሪክ ያለኝ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ ልጄ ልብሱን ሲያወልቅ የኔም አብሮ ይወልቃል።

እንዲያውም "ንግግሩን መልሺልን፣ ከሱ የምንጠቀምበት አለ" አለችኝ። ከጨለማ ወደ ብርሃን።

ሜይ 11፣ እሑድ

ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጊል ነው። ብቻውን። ዶራን ዞሮ ዞሮ ሕንፃውን ሰው ጠይቆ አገኘው። ኤሊሸቫ ያደረገችውን ሰምቶ እንደተጣላት ነገረኝ። "ያለ አንቺ እኔም አልወጣም አልኳት" አለ። አስቀመጥኩት። ውሃ ሰጠሁት። እምየ ጓዳ ተኝታለች። ኢዳን ድምፅ ሰምቶ ከክፍሉ ወጣ፤ የበሩን ጠርዝ ተደግፎ ቆመ።

ጊል አየው። "ከባድ ነው" አለው። "ከኛ ጊዜም ብዙዎቹ..."

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ቤቴ መጥተሽ ስለ ቀሩት ጠይቀሽኝ ነበር። ሚስቴ ፊት አልቻልኩም። ለሷም ነግሬያት አላውቅም።"

እንዲህ አለ። የተናገረውን እንደተናገረው ልጻፍ።

"እኔ በመጨረሻው ጀልባ ላይ ነበርኩ። የፊቶቹ ጀልባዎች ሄደዋል። ተኩሱ ሲጀምር ዳር የቀሩት ሰዎች በደረታቸው ተኙ። አንድ ወጣት ብቻ ተነሣ። ወደ ውሃው ገባ። ዋና አይችልም፤ እንደ መሬት ይራመድ ነበር። ውሃው ደረቱ ደረሰ፣ አንገቱ ደረሰ። እጁን እያወዛወዘ ይጣራል። ወደኔ አይደለም የሚያየው፤ ከኔ አልፎ፣ የሄዱትን ጀልባዎች ነው። መቅዘፊያ ብዘረጋለት ይደርሰው ነበር። 'ሂድ' የሚል ትእዛዝ መጣ። ሞተሩን አስነሣሁ። ዞሬ ሳይ የለም።"

"በማግሥቱስ?"

"በማግሥቱ ዳርቻው በወታደር ተሞልቷል፣ አልሄድንም። የቀሩትን፣ የኛ ሰዎች በመኪና ወደ ካምፑ መለሷቸው። አንድ ሰው ጎድሏል ተባለ። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፣ ሁሉም የሚጓዘው በሌላ ስም ነበር። ለአለቃዬ ስነግረው 'ወደ ዳር ተመልሷል' አለኝ። እኔም ለራሴ ተመልሷል አልኩት።"

ስንት ወንድም አለ በዚያ ዳርቻ? ሌላ ሰው ይሆናል... ይሆናል እኮ።

ጊል ጎንበስ አለ። "የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። አንቺ አስተርጓሚ ነሽ። ያ ሰው የሚጮኸው አንድ ቃል ነበር፣ ደጋግሞ። በቋንቋችሁ 'ጠብቁኝ' ማለት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ማንንም ሐበሻ ልጠይቅ አልደፈርኩም። ማሬ። ማሬ፣ ማሬ ይል ነበር። ምን ማለት ነው?"

ሥራዬ መተርጎም ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ሆኛለሁ። አፌ አልከፈት አለኝ።

የመለሰለት ኢዳን ነው። ከበሩ ሳይነቃነቅ፣ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብሎ።

"ቃል አይደለም። የሷ ስም ነው።"

ጊል ገና አልገባውም። "ሚርያም አይደለችም?"

"ቤት ውስጥ ማሬ ናት።"

ሰውየው እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሲያለቅስ አየሁት። ምንም አልተሰማኝም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ እኔ ሞተሩ ሲጮኽ ጆሮዬን ይዤ ነበር። ለምን ያዝኩት?

"ሂድልኝ" አልኩት።

"ማሬ..."

"አንተ በዚህ ስም አትጥራኝ። ሂድ።"

ኢዳን ይዞት ወረደ።

ሜይ 12

ሥራ አልሄድኩም። ኢዳን ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ፣ ስኳሩን አብዝቶት። አጠገቤ ተቀመጠ።

ለእምየ እንዴት ነው የሚነገር? አምባቸው "ተያት፣ እንዲሁ ተስፋዋን ይዛ ትሂድ" ይላል። ደግ ነው፣ ለደግነቱ ነው። ግን የማን ተስፋ ነው? የሷ ነው ወይስ ላለመናገር የኛ?

ሜይ 13

ነገርኳት።

ጧት ፊቷን ካጠብኳት በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ኢዳንም ቆሟል።

"እምየ፣ የዘበነን ወሬ አገኘሁ።"

"መጣ?"

"አልመጣም፣ እምየ። ባሕሩ ላይ ነው የቀረ። ያኔውኑ፣ ያን ሌሊት።"

ጣቶቿ የነጠላዋን ጥለት የሚቆጥሩ ይመስል ሄዱበት።

"ማነው ያለሽ?"

"ጀልባ ላይ የነበረ ሰው። ወታደር።"

"በዓይኑ አይቶ ነው?"

"በዓይኑ አይቶ ነው።"

"እያየው ነው የሄደ?"

ይህን እንዴት ብዬ ልተርጉመው? ለዚህ ሌላ ቃል የለም። "አዎ፣ እምየ። እያየው ነው።"

"አርባ ዓመት አፉን ምን ያዘው?"

እጇን ዘረጋችልኝ።

"በሉ መሬት አውርዱኝ።"

ኢዳን አቅፎ አወረዳት። ምን ትከብደዋለች... እንደ ሕፃን ነው ያስቀመጣት። ቀሚሷን ከአንገቷ ላይ ራሷ ቀደደችው። ከዚያ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም።

ስሜን ይጠራ እንደነበር አልነገርኳትም። ያ የኔ ነው። ለኔ ብቻ ይቅር።

ሜይ 14

የሰፈሩ ራቭ፣ ረቢው፣ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ወጣት። ሕጉን አስረዳን፦ የሞት ወሬ ዘግይቶ ሲመጣ፣ ሠላሳ ቀን ካለፈው፣ ሺቫ አይቀመጡም፤ አንድ ሰዓት ከተቀመጡ ይበቃል። ለእምየ ተረጎምኩላት።

"ስንት አለ?"

"አንድ ሰዓት።"

"ልጅ የለውም መሰል" አለች። "በይው፣ አርባ ዓመት ለጠበቅኩት ልጅ አንድ ሰዓት አልቀመጥም። ሰባቱን ቀን እቀመጣለሁ። ሕጉ ቢሻው ይነሣ።"

ራቩ ምን አለች ሲለኝ፣ "እናመሰግናለን ብላለች" አልኩት። በሥራዬ ሆን ብዬ ያጣመምኩት የመጀመሪያው ትርጉም።

ከአገር ቤት የመጡት የኛ አይሁዶች ቄስ ግን ከሰዓት በኋላ መጡ፣ ዐይተዋት አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዘበነን በልጅነቱ ያውቁት ነበር። ዶራ በሙሉ ወንበር ይዞ ወደኛ ቤት ይወጣል። እስከ ደረጃው ሰው ነው። ያልተለቀሰ ልቅሶ ስንት ቤት ነበር? የራሱን ያስታወሰ ሁሉ መጥቶ ያለቅሳል።

ሜይ 16

ኢዳን ከሰገነት ሲያይ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሰውዬው ታች ቆሟል።" አየሁ። ጊል ነው፣ ጥላ ውስጥ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። አይወጣም፣ አይሄድም።

እምየ ሹክሹክታውን ሰማች። "ማነው?"

ኢዳን በተሰባበረ አማርኛው ራሱ ነገራት። "ሰውዬው። ጀልባ።"

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እምየ ዞረ። ቄሱም አንገታቸውን ደፉ። ይውጣ ትላለች ብዬ ፈራሁ፤ ይባረር ትላለች ብዬም ፈራሁ።

"ፀሐይ ነው" አለች እምየ። "ውሃ አውርዱለት። እንዳይወጣ ግን።"

ኢዳን ውሃ አወረደለት። ጠጣ። ብርጭቆውን መለሰ። ሄደ።

ሜይ 18

በመጨረሻው ሰዓት ኤሊሸቫ ደወለች። ዛሬ ማታ ነው ሥነ ሥርዓቱ። "አበባውን የሚሰጥ ሰው የለንም፤ ጊልም እንቢ ብሏል፣ ምን እንደነካው አናውቅም። ትመጫለሽ አይደል?"

"ሐዘን ላይ ነኝ።"

"አየ! ማን ሞተ?"

"ወንድሜ።"

"አዝናለሁ... መቼ?"

"ያኔ፣ በዚያ ሌሊት። አንቺ 'ሁሉም አልደረሰም' በይ ያልሽኝ እሱ ነው።"

ስልኩን ዘጋሁት። ክፉ ነኝ? እሷ ምን አደረገች? አንዲት ሴት፣ ምሽት እንዲያምርላት የምትሮጥ። ይሁን። ዛሬ ክፉ ልሁን።

ሜይ 20

ሰባቱ ቀን ትናንት ሞላ። እምየን አንሥተን አጠብናት። ክብደት የላትም። እንቅልፍ ወሰዳት፤ እንዲህ ስትተኛ ከመቼ ወዲህ እንዳየኋት እንጃ።

ንዴቱ ግን አልለቀቀኝም። ጊል ላይ ነው? ትእዛዝ የሰጠው ላይ? ከዚያ ዳርቻ ያወጣኝም እሱው ክፍል ነው። ባይመጡ ኖሮ እኔም ገዳሪፍ አሸዋ ውስጥ ነበርኩ። ይህንም አውቃለሁ። ሁለቱንም ማወቅ ነው የሚያቃጥለኝ። አንዱ ብቻ ቢሆን ወይ አመሰግን ወይ እረግም ነበር።

ሜይ 26

ኸርጸል ተራራ ሄድን። በየዓመቱ እሄዳለሁ፤ በየዓመቱ የሰው ስም አንብቤ እመለሳለሁ። ዘንድሮ ስሙን አስመዘገብኩ። ለሚመጣው ዓመት ይቀረጻል አሉኝ። አምባቸው በፀሐዩ ላይ ቆሞ እጄን ያዘኝ፣ ሰው ፊት፣ እሱ እንኳ።

ሜይ 30፣ ዓርብ

ኢዳን ከአዲሱ ምድቡ መጣ። ሃይፋ ነው፣ የጀልባ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል። እጁ ዘይት ነው። "አሰልቺ ነው" አለ፤ ግን ስለ አንድ ሞተር ሩብ ሰዓት ያህል አወራኝ። የሰማሁት መስሎታል። ፊቱን ነበር የማየው።

የሰንበት ሻማ ከማብራቴ በፊት ወጥ ቤት ገብቶ ቆመ።

"ኢማ፣ ዘበነ ዋና ይችል ነበር?"

"የት ተምሮ? ወንዝ ስንሻገር የአህያዋን ጭራ ካልያዘ እግሩን አያነሣም ነበር። ልጆች ይስቁበት ነበር።"

"ታዲያ ለምን ገባ?"

ድስቱን አወረድኩ። አሰብኩ። ሊመልሰኝ ይሆን? ሊከተለኝ? ብቻውን መቅረት ፈርቶ? ድሮ ቢሆን አንድ ያማረ ነገር አበጅቼ እሰጠው ነበር፤ እሱም ይዞት ይሄድ ነበር።

"አላውቅም፣ ልጄ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እሺ፣ ስለ ባሕሩ ይቅር። ሰውየው እንዴት ያለ ነበር?"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከየት ልጀምር? አባባ ማረሻ ሲቀጠቅጥ ወናፉን የሚነፋው እሱ እንደነበር ነገርኩት፤ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር፣ እንዳንተ አሁን። የተቆላ ሽምብራ ለሰው እንደማያካፍል። ሲዘፍን ውሻ እንደሚጮኽ። ገበጣ ተጫውቶ እንደማይሸነፍ...

እምየ ከጓዳ፣ ከአልጋዋ ሆና፣ ሳንጠራት፦

"ያጭበረብር ነበር እኮ" አለች።

ነበር አለች። ዘበነ ይወዳል፣ ዘበነ አይበላም፣ ዘበነ ይመጣል ስትል የኖረች ሴት።

ኢዳን ወደ እኔ አየ። እሱም ሰምቷል። ተነሣሁና ሻማውን አበራሁ።